የአብዶን ቀለም

ባሌ አብዶን ውሸት አይችልበትም ነበር። አይዋሽም ማለቴ አይደለም፤ እንደማንኛውም ሰው መዋሸት ያምረዋል፣ ግን ፊቱ አያስችለውም። እውነትን ትንሽ ካጓደለ መጀመሪያ ከሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ሥር ነጥብ የምታክል ቅላት ብቅ ትላለች። ከዚያ አንገቱን ትወጣለች፣ ጉንጩን ትይዛለች፣ በመጨረሻ ጆሮው ጫፍ ድረስ ደም ይመስላል። ቆዳው የእናቱ ነው፤ ስስ ከመሆኑ የተነሣ ውስጡ የሚሆነው ሁሉ ከውጭ ይታያል።

በእኛ አገር ሰውን አሳፍረህ ፊቱን ካቀላኸው «ቀለሙን አወጣህበት» ይባላል። ኮሎሬስ እንላለን፣ ቀለማት፤ ሰው ሁሉ ሆዱ ውስጥ የተደበቀ ቀለም ያለው ይመስል፣ ሌላው ጎትቶ የሚያወጣው። የሌላ ሰው ቀለም በዓመት አንዴ ቢወጣ ነው። የአብዶን ግን በየሰዓቱ ይወጣ ነበር፤ በሳንታ ቢቢያና ሥራ የፈታ ሁሉ እየመጣ ይጎትትበታል።

በተለይ ሴቶቹ። ባሏን የጠረጠረች ሁሉ ቅዳሜ ገበያ ላይ እሱን አድብታ ትጠብቃለች። «አብዶን፣ ትናንት የኔ ሰውዬ ካንተ ጋር ዶሚኖ ሲጫወት ነው ያመሸው?» ትለዋለች። ምስኪኑ ለጓደኛው ብሎ «አዎ፣ ከኔ ጋር ነበር» ይላል። አንገቱ ይቀላል። ያን ዕለት ማታ አንድ ቤት ሳህን ይሰበራል፣ በነጋታው ደግሞ ባልየው መጥቶ «አንተ ሰው፣ ምናለ ሻርፕ ብታደርግ!» ብሎ ይጮህበታል።

ሥራው አውቶቡስ መቀባት ነበር። ፍየል የምንላቸውን የእንጨት አውቶቡሶች፣ ጎናቸው ክፍት የሆነውን፣ ጣሪያቸው ላይ ሙዝም ዶሮም ሰካራምም የሚጫንባቸውን። እሱ የቀባው ፍየል ከሩቅ ተራራ ላይ ሲመጣ ይታወቃል። ሾፌሮቹ ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ሲያስተያዩት «ኧረ ቀለም የለም!» ይላሉ፤ አይወዳደሩም ማለታቸው ነው። ከላይ እስከ ታች ቀለም የሆነውን ነገር አይተው ቀለም የለም የሚሉበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም። አብዶን ግን ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ደስ ሲለውም ይቀላል።

እኔ የታች አገር ልጅ ነኝ፣ ከወንዙ ዳር። እዚያ ሁላችንም ቀይ ነን፤ ቀይ የሊበራሎቹ ቀለም ነው። ሳንታ ቢቢያና ደግሞ ሰማያዊ ነው፣ የኮንሰርቫቲቮቹ። ማንም አስቦ አልመረጠም፤ ሰው እንደ አባቱ ስም ቀለሙንም ይዞ ይወለዳል። የአብዶን ዘር ከነአያቱ ሰማያዊ ነው። ሊጠይቀኝ ቤታችን የመጣ ቀን አባቴ ምን ነካህ በሚል ዓይን ሲያየው አብዶን ግንባሩ ድረስ ቀላ። አባቴም ሳቀና «በቃ ውሰዳት፤ ፊትህ እንኳ የእኛ ወገን ነው» አለው። እንዲህ ተጋባን።

ልጅ አልወለድንም። ጎረቤቴ ዶኛ ትራንሲቶ በየወሩ ጤና አዳም ቀቅላ ታመጣልኛለች። «ጠጪው የኔ ልጅ፤ ማህፀንሽን ብርድ መትቶት ነው» ትለኛለች። ጠጣሁት፤ ሲመር ለጉድ ነው። ሌሎቹ ከኋላዬ «ደረቋ» ይሉኝ ነበር። ምላሴ ተናካሽ መሆኑን አገር ያውቃል፤ በዚህ ነገር ግን አንድ ቀን መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ለምን እንደማልመልስ አብዶን ያውቅ ነበር። ሲሰማቸው አንገቱን ደፍቶ ወደ ቀለሙ ቆርቆሮ ይመለስ ነበር።

ከዚያ ቀለም ሰው መግደል ጀመረ።

በዋና ከተማው በቀይና በሰማያዊ መካከል የተለኮሰው እሳት የእኛ ተራራ ላይ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። መንገድ ላይ የታጠቁ ሰዎች አውቶቡስ አስቁመው ተሳፋሪውን ያወርዳሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ምን ቀለም ነህ?» መልሱን ያላወቀበት እዚያው ይቀራል። ቀይ ክራቫት ያደረገ ወደ ሠርግ ሲሄድ ቀረ። ቀይ መሀረብ የያዘች አሮጊት በመሀረቧ ታነቀች። የሳንታ ቢቢያና ሰዎች ደጃፋቸውን በሰማያዊ አስቀቡ፤ የሚቀባውም ያው አብዶን ነበር። እኔን በዓይን ከማየት ሌላ ግን ምንም ያደረገኝ ሰው አልነበረም፤ የሰማያዊ ሰው ሚስት ነኝ።

ከላይ ከብርዱ አገር የወረዱት፣ ሴቬሮ በሚባል አለቃ የሚመሩት ሰማያዊ ታጣቂዎች ከተማችን ሲሰፍሩ መጀመሪያ ያዘዙት ማናቸውም አውቶቡስ ላይ ቀይ እንዳይታይ ነው። አብዶን የገዛ እጁን ሥራ በቢላዋ ፋቀው። ፀሐዮቹን ፋቀ፣ የበቀቀኖቹን ክንፍ ፋቀ። ስንት ዕለት ቆዳ እንደሚገፍ ሰው አጎንብሶ ዋለ። የቀረችውን አንዲት ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ደግሞ ከቤታችን ጋር ከተያያዘው ጋራዥ ጀርባ አቮካዶው ሥር ቀበራት። ቀይ የሌለበት ፍየል የታመመ ይመስላል።

አብዶን ሁሉን በሮዝ ቀለም የሚያይ ሰው ነበር፤ ቢያንስ ለኔ እንደዚያ ሊመስል ይሞክራል። «ያልፋል ኤቴልቪና፤ ለገና ያልፋል» ይለኛል። እኔ አንገቱን አየዋለሁ። ቁልፏ ሥር ያቺ ነጥብ አለች።

አንድ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወንድሜ ኔሜሲዮ በቡናው ውስጥ ለውስጥ መጣ። የበር ድምፅ የመሰለኝ እሱ መሬት ላይ ሲወድቅ ነው። የአባቴ ቤት ተቃጥሏል። ስለ አባቴ አልጠየቅኩትም፤ ሸሚዙ ላይ የነበረው ደም የእሱ እንዳልሆነ ሳይ ገባኝ። ኔሜሲዮ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። እናታችን ስትሞት ገና አይራመድም ነበር፤ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ገዳዮቹ ሦስት ቀን ሙሉ ሲከተሉት እንደነበር ነገረን፤ አሁንም ከኋላው ናቸው።

በጋራዡ ውስጥ ቅቡ ያለቀ ፍየል ቆሞ ነበር። ከመጨረሻው አግዳሚ ሥር ሾፌሩ ገመድና ጎማ መፍቻውን የሚያኖርበት የእንጨት ሣጥን አለ። ኔሜሲዮን እጥፍጥፍ አድርገን እዚያ አስገባነው። ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ መጥቶ አውቶቡሱን በተራራው ማዶ ወደ ባቡር ጣቢያው ይወስዳል። ሾፌሩ ሰው ነው፤ እንደማይከዳን አውቀናል። እስከዚያ መቆየት ብቻ ነበር።

አብዶን ሣጥኑ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ ቁጭ አለ።

«ከጠየቁኝስ?» አለኝ።

«ማን ይጠይቅሃል? አውቶቡስ ቀቢን ማን ምን ብሎ ይጠይቃል?»

«ኤቴልቪና፣ እኔን ሁሉ ሰው ይጠይቀኛል።»

ከሣጥኑ ውስጥ የወንድሜ ድምፅ መጣ። «አማቼ፣ ፊትህን ሰማያዊ ቀብተህ ውጣላቸው።» ይሄ ልጅ ሞት ደጁ ቆሞ ይቀልዳል። አብዶን ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ወደ አጎቱ እርሻ ሄደህ እዚያ ዋል አልኩት። ኮርቻውን ጭኖ ወጣና ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። የሴቬሮ ሰዎች መውጫውን ሁሉ ዘግተዋል። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለና ሰው ሁሉ ወደ አደባባይ እንዲወጣ ታዘዘ። ያልወጣ ቤቱ ይፈተሻል ተባለ። ስለዚህ ወጣን።

ሴቬሮ አጭር ሰው ነው፤ ንጹሕ፣ ጥፍሩ የተከረከመ፣ ነጭ ባርኔጣው ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ ያሰረ። አደባባዩ ላይ ወንበር አስወጥቶ ታማል፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ፣ ይበላ ነበር። ቀስ ብሎ ይበላል፣ ጣቱን በመሀረብ ይጠርጋል። የሚጮህ ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አልፈራውም ነበር። የከተማው ሰው በሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲበላ ያየዋል።

ስለ አብዶን ለሴቬሮ የነገሩት ጠላቶቻችን አይደሉም። ከአንድ ቀን በፊት መጠጥ ቤት ውስጥ ለጨዋታ ብለው፣ እየሳቁ ነው የነገሩት። እኛ ከተማ ፊቱ የማይዋሽ ሰው አለ ብለው። ከሃዲ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ሞኝን ምን ታደርገዋለህ?

«አብዶን የሚባለው የትኛው ነው?» አለ ሴቬሮ ቅጠሉን አጥፎ እያስቀመጠ።

አብዶን ወደ ፊት ወጣ።

«ፊትህ ይናገራል አሉኝ።»

«እንደዚያ ይላሉ፣ ጌታዬ።»

«ባርኔጣህን አውልቅ። ፊትህን ወደ ፀሐዩ አዙር። እስቲ እንሞክርህ። በልጅነትህ ከቤተ ክርስቲያን ሻማ ሰርቀህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በፍጹም!» አለ አብዶን። ቅላቷ ከቁልፉ ሥር ተነሥታ ጉንጩ ላይ ስትደርስ ሁላችንም አየን። ሰው ሳቀ። ታጣቂዎቹም ሳቁ።

«እናትህን ትወዳለህ?»

«አዎ ጌታዬ።» ፊቱ ንቅንቅ አላለም።

«ሚስትህ መትታህ ታውቃለች?»

«ኧረ የለም!» አለና እንደ ቲማቲም ቀላ። ሳቁ አደባባዩን አናጋው። አንድ ቀን በመጥረጊያ ነው፤ ጥፋቱም የእሱ ነበር።

ሴቬሮ አልሳቀም። ልብስ ሰፊ ጨርቅ እንደሚያይ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የአብዶንን ፊት እያጠና ነበር። ሰውየው እየተጫወተ አልነበረም፤ መሣሪያውን እየለመደ ነበር።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ ተነሥቶ። «ከታች አገር የሸሸ አንድ ቀይ እዚህ ከተማ ገብቷል። የትኛው ቤት እንዳለ አላውቅም። ቤት ሁሉ ልፈትሽ ብል እስኪመሽ እደክማለሁ፤ መድከም አልወድም። አብዶን፣ አፍህን መክፈት የለብህም። እኔ የቤቱን ባለቤት እጠራለሁ፣ አንተ ዝም ብለህ ትቆማለህ። ፊትህ የነገረኝን ቤት ከነሰዉ አቃጥላለሁ። አለቀ።»

ሳቁ ቀጥ አለ።

«የዳቦ ጋጋሪው ቤት» አለ ሴቬሮ። የአብዶን ፊት ዝም አለ። «የፈረስ ጫማ ሠሪው ቤት።» ዝም። በየስሙ መካከል የተጠራው ባለቤት ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፣ ሲያልፍለት ደግሞ ያማትባል። ሴቬሮ የታችኛውን መንገድ ጨረሰና ወደ እኛ መንገድ ዞረ። «የዶኛ ትራንሲቶ ቤት።» ዝም። ከዶኛ ትራንሲቶ ቀጥሎ ያለው ቤት የእኛ ነው። የአብዶን የሸሚዝ ቁልፍ ላይ ዓይኔን ተክዬ ነበር። ገና ስሙ ሳይጠራ ያቺ ነጥብ ብቅ አለች።

ምን እንደምል ሳላስብ ሰውን በክርኔ ገፍቼ ወጣሁ።

«ዶን ሴቬሮ! ይህን ሰውዬ ካቆሙት አይቀር ደህና ነገር ይጠይቁት እንጂ! ሻማ፣ መጥረጊያ… ይሄ ምን ጥያቄ ነው? ዶሮ ይፈራ እንደሆነ ይጠይቁት!»

አብዶን ደነገጠ። «ኤቴልቪና፣ ተይ እንጂ…»

«ይፈራል! አውራ ዶሮ ሲያይ አጥር ይዘላል። ይኸው ቀላ፣ እዩት! የሠርጋችን ዕለት ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ? የቅዱስ አንቶኒዮስን ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ለምን ብለው «ያየናል» አለኝ። ከዚያም ሱሪውን ማውለቅ አቅቶት ካልሲውን አወለቀና «በቃ ተራቁቻለሁ» አለ!»

ሰው ፈርቶ ስለነበር ሳቁ እንደ ተዘጋ ውሃ ነው የፈነዳው። ዳቦ ጋጋሪው ሆዱን ይዞ አጎነበሰ። እኔ ቀጠልኩ። በአገሬ ቀለሙ ከፍ ያለ ቀልድ የምንለው አለ፤ ሴት አደባባይ ቆማ የማትናገረው። አንድ አላስቀረሁም። ያልሆነውን ጨመርኩ፣ የሆነውን አሳበጥኩ። አብዶን ሺህ ቀለም ሆነ፤ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ እንደገና ቀይ። ከአንገቱ እስከ ፀጉሩ ሥር እሳት ነበር። ታጣቂዎቹ ጠመንጃቸውን ተደግፈው ይስቁ ነበር። እኔ ውስጤ ብርድ ይንጠኝ ነበር።

በሳቁ መካከል ሴቬሮ ዝግ ብሎ «የአብዶን ቤት» አለ። ቀና ብሎ ፊቱን አየ። ቀይ ነው። ግን አስቀድሞም ቀይ ነበር። የሴቬሮ ዓይን ከባሌ ፊት ወርዶ ወደ እኔ መጣ፤ ያኔ ገባው።

«ጎበዝ ሴት ነሽ» አለኝ። ድምፁ ትሕትና ነበረው። «የማን ልጅ ነሽ? አነጋገርሽ የዚህ አገር አይደለም።»

«የአብዶን ሚስት ነኝ።»

«እሱን አይቻለሁ። አሁን አፍሽን ትዘጊያለሽ። እኛ ደግሞ እስኪበርድ እንጠብቃለን።»

አንዱ ታጣቂ መጥቶ ጎኔ ቆመ፤ የጠመንጃው አፈሙዝ ጎድኔን ነካኝ። አብዶንን ከጥላው ሥር ወስደው አስቀመጡት። ውሃ ሰጡት። ሴቬሮ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና ሲጋራ ለኮሰ።

ቀለም ሲደርቅ ከዳር ነው የሚጀምረው ብሎ አብዶን አስተምሮኝ ነበር። የእሱም እንደዚያው ሆነ። መጀመሪያ ጆሮው ለቀቀ። ከዚያ ግንባሩ፣ ከዚያ ጉንጩ። እየበረደ፣ እየነጣ፣ ወደ አንገቱ እየወረደ መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ የጠላሁት ነገር የለም። ቅላቱን ቆይ፣ ቆይ፣ አትሂድ እያልኩ በልቤ ለመንኩት። ከመንገዱ ታች የጋራዣችን ጣሪያ ይታያል። ወንድሜ ሣጥኑ ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ ደወሉን እየሰማ ይሆናል።

ሴቬሮ ሲጋራውን ረገጠና ወደ አብዶን ጠጋ አለ። «አሁን በርዶልሃል። አንድ ጥያቄ ብቻ። በአፍህም መልስልኝ። ቤትህ ውስጥ ሰው አለ?»

አብዶን አፉን ከፈተ። ቁልፉ ሥር ነጥቧ መጣች። ዓይኑን አንሥቶ አየኝ፤ እንደ ሰመጠ ሰው ነበር ያየኝ። ከዚህ በኋላ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለማንም የማልናገረው፣ እሱ በመጀመሪያው ዓመት እያለቀሰ አደራ ያለኝ፣ ስለ እሱ ብዬ ያን ሁሉ ጤና አዳም የጠጣሁበት።

አልጮህኩም። እንደ ደከመው ሰው ነው የተናገርኩት።

«ቤታችን ምን ሰው ይኖራል፣ ዶን ሴቬሮ? ልጅ እንኳ የለም። ለምን እንደሌለ ይኸው ልንገራችሁ፤ ሁላችሁም ስሙ። እኔ ደረቅ አይደለሁም። ይህ ሰው ከሠርጋችን ቀን አንሥቶ ወንድ ሆኖልኝ አያውቅም። እናቴ እንደወለደችኝ ነኝ።»

አፈሙዙ ከጎድኔ ተነሣ። ታጣቂው ራሱ ነው የሸሸው። የሳቀ የለም። ዶኛ ትራንሲቶ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ወንዶቹ አንድ በአንድ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ፤ እርስ በርስም አልተያዩም።

የአብዶንን ፊት አየሁት። ይቀላል ብዬ ስጠብቅ ነጥቧ ጠፋች። ቀጥሎ የቀረው ሁሉ ጠፋ፤ ከከንፈሩ ሳይቀር። ኖራ የተቀባ ግድግዳ መሰለ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አንሥቶ ወደ ሴቬሮ አዞረ።

«ቤቴ ውስጥ ማንም የለም» አለ።

ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። ፊቱ ላይ ምንም አልተነሣም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸት ቻለበት፤ አምላኬ ምስክሬ ነው፣ እኔ ራሴ አመንኩት።

ሴቬሮ ሊያየው ሞከረ። አልቻለም። ዓይኑን ወደ ገዛ ጣቶቹ ጣለ፣ መሀረቡን ፈለገ፣ ያልቆሸሸ እጁን ጠረገ። ያኔ ከንጹሑ ኮሌታው በላይ አንዲት ቅላት ተነሥታ ጆሮው ድረስ ስትወጣ ሁላችንም አየን። አብዶን ላይ ሊያወጣ የመጣው ቀለም የወጣው በእሱ ላይ ነው።

«ባርኔጣህን ልበስ» አለው፤ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ። «ሂድ፣ ወደ ሥራህ ሂድ።» ለሰዎቹ ደግሞ ሌላውን መንገድ ፈትሹ ብሎ ጮኸ። ያን ዕለት ሲጮህ ስሰማው ያ ብቻ ነው። የእኛን መንገድ ማንም አልረገጠውም፤ ያን ሰውዬ ቤቱ ገብቶ ሊያየው የፈለገ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ መጣ። ቀይ የሌለበት ፍየል ወንድሜን በሆዱ ይዞ ኬላውን አለፈ፣ ተራራውን ተሻገረ። ኔሜሲዮ ዛሬ ሜዳው አገር ከብት ያረባል፤ አምስት ልጆች አሉት፣ ሁሉም እንደሱ ቀልደኞች። ዳግም ያ ቀን ቢመጣ ዳግም እናገረዋለሁ። ይህን የምለው አፌን ሞልቼ ነው።

ያን ዕለት ራት ላይ አብዶን ሾርባውን አልነካውም። ማንኪያውን አስቀመጠና «ሌላ ነገር አጥተሽ ነው?» አለኝ።

«ሌላው ሁሉ በረደ፤ አይተኸዋል» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሣም።

ከተማው ያሾፍበታል ብዬ እየፈራሁ ነበር የምጠብቀው። አላሾፉበትም፤ የባሰ ነገር አደረጉ። ሲያልፍ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በሰላምታ ፈንታ ጀርባውን መታ መታ ያደርጉታል። ዶኛ ትራንሲቶ ጤና አዳሙን ትታ አሬፓ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ጋግራ ማምጣት ጀመረች፤ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስና ትሄዳለች። ቀለሙን ሊያወጣበት የሚሞክር ጠፋ። አንድ ሁለቴ አዲስ ሾፌር ሳያውቅ ሞክሮ ነበር፤ ከአብዶን ፊት ምንም አልመጣም። ነጭ ነው። ዶሚኖ ላይ የሚችለው ሰው ጠፋ፤ ድሮ መጥፎ ጠጠር ሲይዝ አንገቱ ይነግርበት የነበረው ሰውዬ አሁን ሁሉንም ይበላቸው ጀመር። ሲያሸንፍም አይስቅም።

ክፉ አልሆነብኝም። ክፉ ቃል አልወጣውም፣ አልጋ አልለየም። ቡናዬን አፍልቶ ያመጣልኛል። እንዴት አደርሽ ይላል፣ ደህና ነሽ ይላል፣ ደህና ነኝ ይላል። ፊቱን ሳየው ግን የተዘጋ በር ነው፤ ድሮ ሳልጠይቀው ሁሉን ይነግረኝ የነበረ ፊት።

ከዓመታት በኋላ ትልልቆቹ ታረቁ ተባለ፤ ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ መንግሥቱን ሊካፈሉ ተስማሙ። የሴቬሮ ሰዎች ወደ መጡበት ተመለሱ። አብዶን ያን ቀን ዶማ ይዞ ወደ አቮካዶው ሄደ። ቆርቆሮዋን አወጣ። ቀለሙ ከላይ ቆዳ አብጅቶ ደርቋል፤ በቢላዋ ቀዶ ሲገልጠው ከሥሩ እንደ ትኩስ ደም ቀይ ነበር። አንድ ፍየል ጎን ላይ ተቀምጦ የበቀቀን ክንፍ ጀመረ። ጠዋት ነበር፣ ፀሐዩ ፊቱ ላይ ነበር። ደስ ያለው መሰለኝ፤ ድሮ ሥራው ሲሰምርለት እንደሚሆነው።

ዛሬ ካልጠየቅኩት መቼም አልጠይቀውም ብዬ ጎኑ ተቀመጥኩ።

«አብዶን፣ ይቅር ብለኸኛል?»

ብሩሹን ከእንጨቱ ላይ አነሣ። ዞሮ አየኝ።

«ድሮ ነው ይቅር ያልኩሽ፣ ኤቴልቪና» አለኝ።

የሸሚዙን ቁልፍ አየሁ። ከዚያ አንገቱን፣ ጉንጩን፣ ጆሮውን። ምንም የለም። ወደ ክንፉ ተመለሰና መቀባቱን ቀጠለ። እውነቱን ይሁን ውሸቱን እስከ ሞተበት ቀን ድረስ አላወቅኩም፤ ዛሬም አላውቅም።